አሮጌ ላንድ ክሩዘርን ባገለገለ ዕቃ ማሻሻል፦ አራት የዕቃ ምንጮች ሲነጻጸሩ

የላንድ ክሩዘር 60 ሲሪስ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 የተመረተ መኪና ሲሆን፣ 70 ሲሪስ ደግሞ በ1984 ተጀምሮ ዛሬም በመመረት ላይ ይገኛል። ወደ ሀገራችን ከገቡት አሮጌዎቹ መካከል ብዙዎቹ አሁንም ከሥራ አልወጡም፤ በሽተኛ ያመላልሳሉ፣ እህል ይጭናሉ፣ አስፋልት ያልደረሰበት ቀበሌ ይገባሉ። ባለቤቶቻቸው በሌላ መኪና ከመተካት ይልቅ ያለውን ማሻሻል የሚመርጡበት ምክንያት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተወስኗል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ አዲስ መለዋወጫ መግዛት ለብዙ ሰው ከአቅም በላይ ሆኗል።

ባለ መኪናው ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት ሲወስን በአብዛኛው አራት መንገዶች ይቀርቡለታል፤ ከሶማሌ ተራ አንድ በአንድ መግዛት፣ ለእርድ የሚሆን፣ ማለትም ተፈትቶ ዕቃው የሚወሰድ፣ ሙሉ መኪና መግዛት፣ ከገልፍ ወይም ከጃፓን የተቆረጠ ዕቃ ማስመጣት፣ ወይም የራስን አሮጌ ዕቃ አውርዶ ማሳደስ። ጎረቤት አንዱን ይመክራል፣ መካኒኩ ሌላውን፣ ደላላው ደግሞ በእጁ ያለውን። ይህ ጽሑፍ አራቱን በአንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ የተዘጋጀ ነው። ከወዲሁ አቋሜን ልግለጽ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚያከስረው ብዙውን ጊዜ ስላረጀ ሳይሆን ጎዶሎ ሆኖ ስለሚመጣ ነው። አብረውት የነበሩት ቁርጥራጮች ሳይከተሉት የመጣ ካምቢዮ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ጋራዥ ውስጥ ወራት ያስቆጥራል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ መግጠም ነው፤ በዚህም ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም «የላንድ ክሩዘር ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ምንም አያረጋግጥም። አራት ነገሮች በቁጥር መታወቅ አለባቸው።

ቮልቴጁ አንዱ ነው። ናፍጣ ላንድ ክሩዘሮች ለየሀገሩ ሲሠሩ አንዳንዶቹ በ12፣ አንዳንዶቹ በ24 ቮልት የሚነሡ ሆነው ተሠርተዋል፤ ስለዚህ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሣው)፣ ዲናሞና የማሞቂያ ካንዴላ በመልክ አንድ ሆነው በሥራ ሊለያዩ ይችላሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለራሴ 60 ሲሪስ ያገለገለ ሞተሪኖ ገዝቼ ነበር፤ ቡሎኑም ጥርሱም በትክክል ገጠመ። ቁልፉን ሳዞር ግን ሞተሩ እንደ ደከመ ሰው አንድ ጊዜ ተንቀሳቅሶ ዝም ይላል። ባትሪው ነው ብለን አዲስ ባትሪ ገዛን፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን አንድ ኤሌትራውቶ (የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ) የሞተሪኖውን አካል በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ሲወለውል ከዝገቱ ሥር «24» የሚል ቁጥር ወጣ። መኪናዬ 12 ቮልት ነው። የባትሪው ዋጋ ከሞተሪኖው ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ሁለተኛው የመሪ ጎን ነው። ከጃፓን የሚመጣ ዕቃ የተፈታው መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና ላይ ነው። ሞተርና ዲፈረንሻል በዚህ አይነኩም፤ የመሪ ማርሽ ሳጥን፣ የፍሬን ፔዳል ስብስብ፣ ዳሽቦርድና አንዳንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ለእኛ አይሆኑም።

ሦስተኛው የጎማ ቡሎኖች አቀማመጥ ነው። 40፣ 60፣ 80 ሲሪስና እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት የተሠሩት ከባድ 70 ሲሪሶች ስድስት ቡሎን በ139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ አላቸው፤ ከ1999 ወዲህ ያሉት 78 እና 79፣ እንዲሁም 100 ሲሪስ አምስት ቡሎን በ150 ሚሊ ሜትር ላይ አላቸው። የኒሳን ፓትሮል ቸርኬም ስድስት ቡሎን በ139.7 ቢሆንም ወደ ውጭ የሚወጣበት ልክ ሊለይ ስለሚችል «ገባ» ማለት «ገጠመ» ማለት አይደለም።

አራተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው የዲፈረንሻል ጥምርታ ነው፤ ይኸውም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚገልጽ ቁጥር ነው። በእነዚህ መኪኖች 3.70፣ 4.10 እና 4.11 ይገኛሉ። የፊቱ 3.70 የኋላው 4.11 ሆኖ ባለ አራት ጎማው በደረቅ መንገድ ላይ ከተያዘ፣ ሁለቱ እርስ በርስ ሲጓተቱ ደካማው ክፍል ይሰበራል። ጥምርታውን ለማወቅ ዲፈረንሻሉን መክፈት አያስፈልግም፤ አንዱን ጎማ አጥብቆ ይዞ ሌላውን ሁለት ሙሉ ዙር እያዞሩ የፒኞኑን (ያ ዘንግ የሚታሰርበትን) ዙር መቁጠር ይበቃል። አራት ዙር ተዙሮ ጥቂት ካለፈ 4.10 ወይም 4.11 ነው፤ አራት ሳይሞላ ከቆመ 3.70 ነው። በኖራ አንድ ምልክት አድርጎ መቁጠር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከመግጠም ቀጥሎ የሚመጡት መመዘኛዎች አጠር ባለ ቃል ሊገለጹ ይችላሉ። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ሊፈተሽ ይችላል ወይ? ከነተከታዮቹ ሙሉ ሆኖ ይመጣል ወይ? የመጣበት ምንጭ በሰነድ የሚታወቅ ነው ወይ? ቢበላሽ የሚመለስበት ሰው አለ ወይ? በመጨረሻም ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? እዚህ ላይ «ጠቅላላ» የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ ማጓጓዣ፣ ፓራኦሊዮ (የዘይት መከላከያ ጎማ)፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ (ቦሎቄ ተሸካሚ)፣ ዘይት፣ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሥራና የመካኒክ ዋጋ ሲደመር የዕቃውን ዋጋ ግማሽ ማከሉ የተለመደ ነው።

ሶማሌ ተራ፦ አንድ በአንድ መግዛት

መርካቶ ውስጥ የሚገኘው ሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራ ስፍራ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ዕቃውን በእጅ ነክቶ፣ አገላብጦ፣ ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ ማየት መቻሉ ነው። በአንድ ረድፍ ላይ አምስት ዲፈረንሻል ተደርድሮ ማወዳደር የሚቻልበት ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ለነጠላ ዕቃ፣ ማለትም ለፓራፋንጎ፣ ለበር፣ ለመብራት፣ ለመሪ ሳጥን፣ ለራዲያተር፣ ለቸርኬ፣ ከዚህ የሚበልጥ አማራጭ የለም ብዬ አምናለሁ።

ድክመቱ ከዚሁ ከጥቅሙ ይመነጫል። መኪናው ከታረደ በኋላ ሞተሩ ወደ አንዱ፣ ካምቢዮው ወደ ሌላው፣ ሽቦው ወደ ሦስተኛው ሱቅ ይሄዳል። ሞተር መሬት ላይ ተቀምጦ እንጂ እየሠራ አይሸጥም። ዋጋውም ገዢው በሚያሳየው ችኮላ ልክ ይወጣል፤ በደላላ በኩል የተገባ እንደሆነ የደላላው ድርሻ ከላዩ ይጨመራል። የተሰረቀ ዕቃም ሊያጋጥም ስለሚችል፣ ደረሰኝ ለመስጠት ፈቃደኛ ያልሆነን ሻጭ ትቶ ማለፍ ለኪስም ለኅሊናም ይሻላል።

አንድ ጊዜ ከመካኒኬ ጋር ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ፍለጋ ሄደን ያየሁትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ካምቢዮ ታጥቦ፣ ብርማ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቅ ነበር። መካኒኩ ስለ ቀለሙ አንድም ቃል ሳይናገር የዘይት ማፍሰሻውን ፈትቶ፣ በክር ያሰረውን ማግኔት በቀዳዳው አስገብቶ አወጣ። ማግኔቱ ላይ ከተለጠፈው ጥቁር ቅባት ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የምታህል የብረት ስባሪ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጣት፤ የማርሽ ጥርስ ነበረች። ከሦስት ሱቅ በኋላ ዘይቱ የደረቀበት፣ አቧራ የለበሰ፣ ማንም ያላጠበው ካምቢዮ አገኘን። ማግኔቱ እንደ እርሳስ ዱቄት የላመ ግራጫ ቅባት ብቻ ይዞ ወጣ፤ ያ የዕድሜ ምልክት እንጂ የስብራት ምልክት አይደለም። እሱን ገዛን።

ለእርድ የሚሆን ሙሉ መኪና

የኢንሹራንስ ድርጅቶች ጉዳት የደረሰባቸውን ተሽከርካሪዎች፣ መሥሪያ ቤቶችና የረድኤት ድርጅቶች ደግሞ ከአገልግሎት ያወጧቸውን መኪኖች በጨረታ ይሸጣሉ፤ ማስታወቂያውም በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ጋዜጦች ላይ ይወጣል። ከኋላ የተገጨ ወይም ተገልብጦ አካሉ የተጨማደደ 70 ሲሪስ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ጤነኛ ከሆነ፣ ትልቅ ማሻሻያ ለሚያስብ ሰው ከሁሉም የበለጠ ምንጭ ነው።

ምክንያቱም ሁሉም ነገር አንድ ላይ ነው። ሞተሩ ከተሸካሚዎቹ፣ ካምቢዮው ከማርሽ ዘንጉ፣ ፍሪሲዮኑ ከቮላኖው፣ ረጅሙ የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ ከክሮቸራው፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከገመዱ ጋር ይመጣል። ሲፈታም እያንዳንዱ ነገር እንዴት እንደ ተገጠመ ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ ይህ ፎቶ ከኋላ የሚያድነው ሰዓት ብዙ ነው። የተረፈው ዕቃ ሲሸጥም ከወጪው ከፊሉ ይመለሳል።

በሌላ በኩል ገንዘቡ በአንድ ጊዜ መውጣት አለበት፣ መፍቻና ማስቀመጫ ግቢ ያስፈልጋል፣ ጨረታውም «ባለበት ሁኔታ» ስለሚል ካሸነፉ በኋላ ቅሬታ የለም። የመመልከቻው ቀን አጭር ስለሆነ መካኒክ ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። ቀረጡ ያልተከፈለበት መኪና በጨረታ ከተገዛ የቀረጡ ዕዳ በማን ላይ እንደሚወድቅ በጨረታው ሰነድ ላይ ተነብቦ መታወቅ አለበት፤ ርካሽ የመሰለ ዋጋ እጥፍ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ከገልፍ ወይም ከጃፓን ማስመጣት

ሻርጃ ውስጥ ባሉት የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥባቸው ሰፋፊ ግቢዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ከጃፓን የመጡ ግማሽ ቁራጮችን፣ ማለትም ከመሐል ተቆርጦ ከነሞተሩና ከነካምቢዮው የቀረበ የፊት ክፍልን፣ ይሸጣሉ። በኤምሬትስ የሚሠሩ ወገኖቻችን ለቤተሰብ ዕቃ የሚፈልጉትም ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። በሀገራችን እምብዛም የማይገኙ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ የ80 ሲሪስ ቱርቦ ሞተር ወይም ከፋብሪካ በኤሌክትሪክ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል፣ እዚያ የመገኘት ዕድላቸው ይሰፋል።

ጉዳቱ ርቀቱ ነው። ፎቶና ቪዲዮ የሞተሩን የመጭመቅ አቅም አያሳይም፤ ዘመድ ቢኖር እንኳ ዘመድ መካኒክ ላይሆን ይችላል። የመሪው ጎን ጉዳይም እዚህ በጣም ይመጣል። ከመክፈል በፊት ትራንዚተር አነጋግሮ ዕቃው በየትኛው መደብ፣ በምን ያህል ቀረጥ እንደሚገባና ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ በጽሑፍ መያዝ ይገባል። ተሳስቶ የመጣ ዕቃን መልሶ መላክ ደግሞ በተግባር የለም ቢባል ይቀላል።

የራስን ዕቃ ማሳደስ

ይህ አማራጭ ከማሻሻል ይልቅ ጥገና ይመስላል፤ ነገር ግን ከንጽጽሩ መውጣት የለበትም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ሞተሬ ደከመ» ብሎ ሌላ ሞተር የሚገዛው የራሱ ሞተር በቶርኖ ቤት ሊድን ሲችል ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ የሚገኙት የ2ኤች እና የ1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተሮች አካል ወፍራም ብረት ነው፤ ሲሊንደሩ በቶርኖ እንዲሰፋ ተደርጎ ትልቅ ፒስቶንና አዲስ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት)፣ ክራንኩ ተሞርዶ አዲስ ነሐስ (ክራንኩ የሚዞርበት ማረፊያ) ሊገጠምላቸው ይችላል። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር እንደ ተስማማ ይቀራል፣ የዕቃው ታሪክም ይታወቃል። ውጤቱ ግን በቶርኖ ሠራተኛው እጅና በሚገዛው ፒስቶን ጥራት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ጉልበቱም ከፋብሪካው ልክ አያልፍም።

ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ሶማሌ ተራ፣ በነጠላ | ሙሉ መኪና ለእርድ | ከገልፍ ወይም ከጃፓን | የራስን ማሳደስ |
|---|---|---|---|---|
| መነሻ ወጪ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ከፍተኛ፣ ከፊሉ በሽያጭ ይመለሳል | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| ቀድሞ መፈተሽ | በእጅ ይቻላል፣ ሲሠራ ማየት ግን ያዳግታል | በመመልከቻው ቀን ብቻ | በጣም ውስን | ሙሉ በሙሉ |
| ሙሉነት | ጎዶሎ | ከሁሉም የተሻለ | በግማሽ ቁራጭ ጥሩ፣ በነጠላ ደካማ | አያሳስብም |
| የመግጠም አደጋ | መካከለኛ | ዝቅተኛ፣ ሞዴሉ ከታወቀ | ከፍተኛ፣ በተለይ በመሪ ጎን | የለም |
| ሰነድ | በደረሰኙ ይወሰናል | ጠንካራ | የጉምሩክ ሰነድ ካለ ጠንካራ | አዲስ ሰነድ አያስፈልግም |
| ቢበላሽ መመለስ | በቃል ስምምነት፣ ለጥቂት ቀናት | የለም | የለም | ከቶርኖ ቤቱ ጋር በሚደረግ ስምምነት |
| የሚመጥነው ሥራ | አካል፣ ቸርኬ፣ መሪ፣ ነጠላ ካምቢዮ | የሞተርና የካምቢዮ ለውጥ በአንድ ላይ | እዚህ የማይገኝ ዕቃ | ጉልበት ሳይጨምሩ ዕድሜ ማራዘም |

ሞተር፣ ካምቢዮና ፍሬን በአራቱ ሚዛን

ከዕቃዎች ሁሉ ክርክር የሚያስነሣው ሞተር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ እንኳ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ይደክማል፤ አሮጌው 4.0 ሊትር 2ኤች ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የቱርቦ ፍላጎት ከቅንጦት የመጣ አይደለም።

ሆኖም 1ኤችዜድ ላይ ያገለገለ ቱርቦ ገዝቶ መጫን ርካሽ መስሎ የሚታይ፣ ግን የማልመክረው መንገድ ነው። ይህ ሞተር ናፍጣውን መጀመሪያ በቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ባለው የሞተር ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል የሚያቃጥል ሲሆን የመጭመቂያ ጥምርታው 22.4 ለ1 ነው፤ ግፊትና ሙቀት ሲጨመርበት ቴስታታው በዚያች ክፍል ዙሪያ መሰንጠቅ የታወቀ ሕመሙ ነው። የተሻለው መንገድ ከመጀመሪያው ለቱርቦ የተሠራውን 1ኤችዲ-ቲ ወይም ተከታዩን 1ኤችዲ-ኤፍቲ ማግኘት ነው። የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስቶኑ ምት ከ1ኤችዜድ ጋር አንድ፣ ማለትም 94 በ100 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ጥምርታው ግን 18.6 ለ1 ወርዷል፤ ናፍጣውም በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ይረጫል። ከካምቢዮ ጋር የሚጋጠምበት ፊትም ከ1ኤችዜድ ጋር ስለሚስማማ፣ 1ኤችዜድ ላለው 70 ሲሪስ ሥራው ይቀላል። የዘይት ገንዳውንና የሞተር ተሸካሚውን ከአሮጌው ሞተር መውሰድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ግን፣ አዲሱ ተነሥቶ ሳይሠራ አሮጌውን መሸጥ ስሕተት ነው።

በመጀመሪያዎቹ 1ኤችዲ-ቲ ሞተሮች ላይ የፒስቶን ክንዱ ነሐስ ያለ ጊዜው ይበላል። ሞተሩ ገና መሬት ላይ ሳለ የዘይት ገንዳውን አውርዶ ነሐሱን መቀየር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከተገጠመና ከተበላ በኋላ ግን ክራንኩን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ሞተሮች የጊዜ ማስተካከያቸው በጥርሳም ቺንጋ (ቀበቶ) ስለሆነ፣ ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ቺንጋው የቱንም ያህል ጤነኛ ቢመስል ይቀየራል። የኋለኛው 1ኤችዲ-ኤፍቲኢ በኮምፒውተር የሚታዘዝ በመሆኑ ከነሙሉ ሽቦውና ከነኮምፒውተሩ ካልመጣ አይሠራም፤ ከተማ ርቆ ለሚሠራ መኪና አልመርጠውም።

ከአራቱ ምንጮች አንጻር ሲታይ፣ ለሞተር ለውጥ ሙሉ መኪና ወይም ግማሽ ቁራጭ ቀዳሚ ነው። ከሶማሌ ተራ ሞተር የሚገዛ ሰው ቢያንስ ክራንኩን በቁልፍ አዙሮ ሁለት ሙሉ ዙር ሳይያዝ መዞሩን፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር እንደ ቡና በወተት ያለ ነገር አለመኖሩን፣ የሞተር ቁጥሩም ያልተፋቀ መሆኑን አይቶ ይክፈል። ሞተሩ አሁንም መኪና ላይ ካለ ደግሞ ሻጩ ቀድሞ እንዳያሞቀው ይነገረው፤ እጅ ሲያስቀምጡበት ቀዝቃዛ የሆነ ሞተር ሲነሣ የሚያወጣው ጭስና ድምፅ እውነቱን ይናገራል።

ለ60 ሲሪስ ባለቤት በዋጋው ልክ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው በእኔ አስተያየት ካምቢዮው ነው። ባለ አራት ማርሹን በኤች55ኤፍ ባለ አምስት ማርሽ መተካት ማለት፣ አራተኛው ማርሽ ላይ የነበረው ጩኸት በአምስተኛው በ0.845 ጥምርታ ይረግባል ማለት ነው፤ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ለጆሮም ለናፍጣም ዕረፍት ነው። አዲሱ ካምቢዮ ግን ርዝመቱ ከአሮጌው ስለሚበልጥ፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ማጠር፣ ወደ ፊት የሚሄደው መርዘም ይኖርበታል። ሲቆረጥና ሲበየድ በቶርኖ ካልተመዛዘነ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ መኪናው መርገፍገፍ ይጀምራል። በተጨማሪም የ2ኤች እና የ1ኤችዜድ የካምቢዮ ደወል መሳይ ሽፋን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ካምቢዮው ከየትኛው ሞተር ጋር እንደነበረ ሳይጠየቅ ቀብድ አይከፈልም።

ፍሬን ላይ ሲደረስ ቁጠባ ቦታ የለውም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ጭኖ የወረደ ሰው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ፍሬን እየረገጡ መሄድ ታምቡርን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ለ40 ሲሪስ ከ60 ሲሪስ የተፈታ የፊት ዲስክ ፍሬን መግጠም የተፈተነ ማሻሻያ ነው፤ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ግን አብሮ መቀየር አለበት። የታምቡር ፓምፕ በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ይዞ የሚያስቀር በመሆኑ ዲስኩን ሳይለቅ እያሻሸ ያቃጥለዋል። የብረት አካሉ፣ መያዣውና ውፍረቱ በካሊፐር ተለክቶ የተረጋገጠ ዲስክ ያገለገለ ሊሆን ይችላል። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የፓምፕ ጎሚኒና የጎማ ኩሽኔታ ግን ከየትም ይምጣ ከየት ያገለገለ አይገዛም። እነዚህ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልባቸው ናቸው።

ለማን የትኛው?

በጀቱ ጠባብ ሆኖ መኪናው በየቀኑ እንጀራ ለሚያመጣለት ሰው፣ ሞተሩን ባለበት አሳድሶ ከሶማሌ ተራ ካምቢዮ ወይም የመሪ ሳጥን አንዱን ብቻ መጨመር ይሻለዋል። ሁለት ትልልቅ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ አለመክፈቱ መኪናው የሚቆምበትን ቀን ያሳጥርለታል። ካለው ገንዘብ ሲሦውን ለአዲስ ፓራኦሊዮ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒና ዘይት ለይቶ ያስቀምጥ፤ ይህን ሲሦ ለዕቃው ዋጋ ያዋለ ሰው ካምቢዮውን በስድስት ወር ውስጥ ዳግመኛ ያወርዳል።

መካከለኛ በጀት፣ ግቢና የሚያምነው መካኒክ ላለው፣ በተለይም ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ መኪኖችን ለሚያስተዳድር ድርጅት፣ ሙሉ መኪና በጨረታ መግዛት ቀዳሚ ምክሬ ነው። አንዱ መኪና ለሌሎቹ ለዓመታት መጋዘን ይሆናል። ሁለት ወይም ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ መኪና ቢያርዱና አስቀድመው ማን ምን እንደሚወስድ በወረቀት ቢፈራረሙ ወጪው ለሁሉም ይቀላል።

ከውጭ ማስመጣቱን የምመክረው ዕቃው እዚህ ተፈልጎ ለታጣ፣ የሚፈልገውን ኮድ በትክክል ለሚያውቅና ቢሳሳት ኪሳራውን መሸከም ለሚችል ብቻ ነው። ፍላጎቱ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል ከሆነ ከሚቆልፈው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ከነመቀያየሪያው ማብሪያና ከነሽቦው አብሮ እንዲላክለት ይጠይቅ፤ የፊቱንም ጥምርታ አስቀድሞ ይቁጠር።

ክፍለ ሀገር ለሚኖርና ትልቅ ጋራዥ ለራቀው ሰው ደግሞ ሚዛኑ ወደ ሌላ ያዘነብላል። እዚያ የሚመረጠው ጉልበተኛው ሞተር ሳይሆን የቅርቡ ከተማ መካኒክ የሚያውቀው ሞተር ነው። በብዙ ወረዳ 1ኤችዜድን የሚፈታ መካኒክ ይገኛል፤ ስለዚህ 2ኤች ከማሳደስ 1ኤችዜድ ከነካምቢዮው ከአንድ መኪና አውጥቶ መግጠም ከጊዜ በኋላ ርካሽ ይሆናል።

ሰነድ

ሊብሬ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተመዝግቦ ስለሚገኝ የሞተር ለውጥ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ምዝገባውን ይገዛል። ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ቀርቦ የትኛው ሰነድ እንደሚያስፈልግ መጠየቅ፣ ከዚያም ከሻጩ የሽያጭ ውልና ደረሰኝ፣ ከውጭ ከመጣም የጉምሩክ ዲክላራሲዮን መቀበል ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ የቆየ ሰው ችግሩ የሚገለጥለት ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ሲቀርብ፣ ወይም መኪናውን ሊሸጥ ገዢ ካገኘ በኋላ ነው።

ለመግዛት በሚሄዱበት ቀን አሮጌውን ዕቃ ወይም ግልጽ ፎቶውን፣ የእጅ ባትሪ፣ በክር የታሰረ ማግኔት፣ ሜትር፣ ጥቂት ኖራና ናፍጣ የነካ ጨርቅ ይያዙ። ከሻጩ ጋር ስንት ቀን የመመለሻ ጊዜ እንዳለ በደረሰኙ ጀርባ ያስጽፉ፤ በዕቃው አካል ላይም ሁለታችሁ የምታውቁትን ምልክት በቀለም ያድርጉ፣ ሲመለስ «የኔ አይደለም» የሚል ክርክር እንዳይነሣ። የተፈታውንም አሮጌ ዕቃ አዲሱ ቢያንስ 1,000 ኪሎ ሜትር ጭነት ይዞ እስኪሠራ ድረስ ከግቢ አያስወጡ።